የዴርቮርጊላ ርስት፦ የተቀበለችውና የሰጠችው



«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላል ያገራችን ሰው። ርስት ለጊዜው ከእጅ ቢወጣም አንድ ቀን ወደ እውነተኛው ባለቤት መመለሱ እንደማይቀር ለማመልከት የሚነገር ቃል ነው። ይሁን እንጂ የርስት እውነተኛ ባለቤት ማን ነው? የወረሰው ነው ወይስ የሰጠው? በዛሬው ትምህርታችን ይህን ጥያቄ የምንመረምረው በ13ኛው መቶ ዓመት በኖረች በአንዲት ስኮትላንዳዊት እመቤት ሕይወት ነው። ስሟ ዴርቮርጊላ ይባላል።

ዴርቮርጊላ ቤተ ክርስቲያን በቅዱሳን መዝገብ የጻፈቻት ሴት አይደለችም። ስለዚህ ታሪኳን እንደ ገድል አናነበውም፤ ብርሃንም ጥላም እንዳለበት እንደ አንድ ክርስቲያን ሕይወት እንጂ። ለእኛም ይበልጥ የሚጠቅመን ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

1. ትውልዷና የተቀበለችው ርስት

ዴርቮርጊላ የተወለደችው በ1210 ገደማ ነው። አባቷ አለን በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ የምትገኘው የጋሎዌይ ግዛት ጌታ ነበር። የስኮትላንድ ንጉሥ የጦር አዛዥነት ማዕርግ የነበረው ሲሆን፣ በ1215 የእንግሊዝ ንጉሥ ዮሐንስ ማግና ካርታ የተባለውን ታላቅ የመብት ሰነድ ባወጣ ጊዜ በአማካሪነት ከተጠቀሱት መኳንንት አንዱ ነው። እናቷ ማርጋሬት ደግሞ የሀንቲንግደን መስፍን የዳዊት የመጀመሪያ ሴት ልጅ ነበረች። ዳዊት የሁለት ስኮትላንዳውያን ነገሥታት ወንድም ስለነበረ፣ በእናቷ በኩል የንጉሣውያን ደም ነበራት። የዘር ሐረጓም በ1093 እስካረፈችው፣ ለድኾች በማሰብ እስከታወቀችው እስከ ንግሥቲቱ ቅድስት ማርጋሪታ ዘስኮትላንድ ድረስ ይደርሳል። ቅድስት ማርጋሪታ ቅድስናዋ በቤተ ክርስቲያን የታወጀው በ1250 ስለሆነ፣ ዴርቮርጊላ የገዛ ቅድመ አያቷ ቅድስት ስትባል ለማየት በሕይወት ነበረች።

አባቷ አለን በ1234 ሲሞት ከሕጋዊ ጋብቻ የተወለደ ወንድ ልጅ አልተወም። በዘመኑ የስኮትላንድና የእንግሊዝ መሳፍንት ሕግ መሠረት ወንድ ልጅ ካለ ርስቱን የሚወርሰው በኵሩ ብቻ ነው፤ ወንድ ከሌለ ግን ሴቶች ልጆች እኩል ይካፈሉታል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት እንደጠየቁና እንደተፈቀደላቸው እናስታውሳለን። የጋሎዌይም ግዛት በዚሁ ዐይነት በሦስት ሴቶች ልጆች፣ በሄለን፣ በክርስቲያናና በዴርቮርጊላ መካከል ተከፈለ። ሦስቱም ያገቡት ከእንግሊዝ ታላላቅ ባለርስቶች ነበር። የዴርቮርጊላ ባል በሰሜን እንግሊዝ የባርናርድ ካስል ምሽግ ጌታ የነበረው ጆን ባሊዮል ነው።

በ1237 የእናቷ ወንድም ያለ ልጅ ሲሞት ከሀንቲንግደን ርስት የሚደርሳት ድርሻ ተጨመረላት፤ በእንግሊዝ ያለው ፎዘሪንጌይም በዚህ መንገድ መጣላት። በ1246 እኅቷ ክርስቲያና እንዲሁ ያለ ልጅ ስትሞት የእርሷም የጋሎዌይ ድርሻ ለቀሩት ሁለት እኅትማማቾች ተከፈለ። እንዲህ ባለ መንገድ፣ በዘመዶቿ ሞት ላይ ሞት እየተጨመረ፣ ዴርቮርጊላ በሁለት መንግሥታት ውስጥ ሰፊ መሬት ያላት ባለጠጋ ሆነች።

2. በርስቱ ሥር የተቀበረው ወንድም

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ቀላል ነበር። ነገር ግን አለን ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ቶማስ የሚባል ወንድ ልጅ ነበረው። በጋሎዌይ አሮጌ ልማድ ዘንድ እንዲህ ያለው ልጅ ለጌትነት አይበቃም አይባልም ነበር። ሕዝቡም አገሩ በሦስት የውጭ አገር መኳንንት እጅ ተከፋፍሎ ማየት አልወደደም። በመጀመሪያ ንጉሡ ዳግማዊ እስክንድር ግዛቱን ራሱ እንዲይዘው ለመኑት፤ ንጉሡ ግን ለሕጋዊዎቹ ወራሾች ፈረደ። በዚህ ጊዜ በ1235 ቶማስን ይዘው ተነሡ። ንጉሡም ሠራዊት አዝምቶ ዐመፁን ሰበረው።

ቶማስ ተያዘ፤ በባርናርድ ካስልም ታሰረ። ባርናርድ ካስል የማን እንደሆነ ከላይ ተናግረናል፤ የእኅቱ ባል ምሽግ ነበር። የእስራቱ ዘመንም አንድና ሁለት ዓመት አልነበረም። ዴርቮርጊላ በዚያ ዘመን ልጆች ወለደች፣ ልጆች ቀበረች፣ ባሏን ቀበረች፣ ገዳም መሠረተች፣ እርሷም አርጅታ ሞተች። ቶማስ ግን ገና እስረኛ ነበር።

ይህን የምናነሣው በሙታን ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። ሕጉም ከዴርቮርጊላ ጋር ነበር። ነገር ግን ሕግ የፈቀደልን ርስት ሁሉ ዋጋው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አለመውደቁን መጠየቅ የክርስቲያን ግዴታ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አንድ ሰው ጌታችንን «ወንድሜ ርስት እንዲያካፍለኝ ንገረው» በሚል አሳብ ሲለምነው ጌታችን በመካከላቸው አካፋይ ዳኛ ሊሆን አልፈለገም። ነገሩን ወደ ልብ መለሰው፤ ስለ ስግብግብነት አስጠነቀቀ፤ ጎተራውን ሊያሰፋ ሲያስብ በዚያው ሌሊት ነፍሱ ስለተጠየቀችው ባለጠጋም ነገራቸው። የርስት ጉዳይ በፍርድ ቤት ቢያልቅም በኅሊና ዘንድ ገና ሊቀር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

3. ከቀኖና የተወለደ ትምህርት ቤት

ባሏ ጆን ባሊዮል ኃይለኛ ሰው ነበር። በ1250ዎቹ ዓመታት ከደርሀም ጳጳስ ከዋልተር ኪርክሃም ጋር በመሬት ጉዳይ ተጣልቶ በቤተ ክርስቲያን ንብረትና በጳጳሱ ሰዎች ላይ እጁን አነሣ። በመጨረሻ ጥፋቱን አምኖ ለመታረቅ ተገደደ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ በደርሀም ካቴድራል ደጅ በሕዝብ ፊት ተገርፎ ንስሐውን ፈጸመ፤ ለድኾች ተማሪዎች መተዳደሪያ እንዲሰጥም ቃል ገባ። በ1263 ገደማ ከኦክስፎርድ ከተማ ቅጥር ውጭ በኪራይ ቤት ጥቂት ድኾች ተማሪዎችን አስቀመጠ፤ ለእያንዳንዳቸውም በሳምንት ስምንት ፔንስ ቀለብ ቆረጠላቸው። የኦክስፎርዱ ባሊዮል ኮሌጅ ጅማሬው ይህ ነው።

ጆን በ1268 ሲሞት ሥራው ገና አልጸናም ነበር። የጸና መሠረትም ሆነ የተጻፈ ደንብ አልነበረውም፤ የቆመው በሰጪው ሕይወት ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ስጦታ ብዙ ጊዜ ከሰጪው ጋር ይቀበራል። ቀኖናው የዴርቮርጊላ አልነበረም፤ ጥፋቱም የእርሷ አልነበረም። ቢሆንም የባሏን ዕዳ የራሷ አድርጋ ተቀበለችው። ከገንዘብ በላይ የሆነ ነገር የጨመረችውም በዚህ ላይ ነው።

4. የ1282ቱ ደንብ

የንስሐ አባቷ የነበረው ፍራንቸስካዊው መነኩሴ ሪቻርድ በዚህ ሥራ አበረታታት። በ1282 በዓለ ፍልሰታ ለማርያም በዋለ በስምንተኛው ቀን፣ በጋሎዌይ በቡትል ምሽጓ ሆና ለተማሪዎቹ ደንብ አወጣች፤ በማኅተሟም አጸናችው። ደንቡን ያቀረበችው ሥራውን በአደራ ለሚጠብቁ ለሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ፍራንቸስካዊ መነኩሴ፣ ሌላው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር።

ከደንቡ ዋና ዋናዎቹን እንመልከት። ተማሪዎቹ በእሑድና በበዓላት ቀን በመለኮታዊ አገልግሎት ይገኙ፤ ስብከትም ይስሙ። በየዓመቱ ስለ ጆን ባሊዮል ነፍስ ሦስት ጊዜ መሥዋዕተ ቅዳሴ ይቅረብ። አለቃቸውን ራሳቸው ከመካከላቸው ይምረጡ። በመካከላቸው በላቲን ቋንቋ ይነጋገሩ፤ በየጊዜውም ተሰብስበው የትምህርት ክርክር ያድርጉ። ሀብት ያላቸው ድኾቹን በወጪ እንዳያስጨንቁ ኑሯቸውን በልክ ያድርጉ። ከማዕዳቸው የሚተርፈውን ደግሞ ለአንድ ድኻ ተማሪ ይስጡ።

በዚህ ደንብ ውስጥ ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ጸሎትና ትምህርት አልተለያዩም። ሁለተኛ፣ ሰጪዋ አለቃ እንምረጥላችሁ አላለችም፤ የሰጠችውን ነገር ለተቀባዮቹ አምና ለቀቀችው። ሦስተኛ፣ በድኾች መካከልም የበለጠ ድኻ እንዳለ አልዘነጋችም። በገበታው ዙሪያ ያሉት ተማሪዎች ራሳቸው የምጽዋት ተቀባዮች ናቸው፤ ሆኖም እነርሱም በተራቸው ሰጪዎች እንዲሆኑ ታዘዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1284፣ የራሳቸው መኖሪያ የሚሆን ቤት ገዛችላቸው።

5. የጣፋጩ ልብ ገዳም

ዴርቮርጊላ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የምትታወቀው ግን በሌላ ሥራዋ ነው። ባሏ ሲሞት ልቡ እንዲወጣና በሽቱ እንዲጠበቅ አደረገች፤ ልብን ለይቶ ማስቀመጥ በዘመኑ በመኳንንት ዘንድ የተለመደ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፈው ስኮትላንዳዊው ታሪክ ጸሐፊ አንድሪው ዊንተን እንደሚተርከው፣ ልቡን ከዝሆን ጥርስ በተሠራና በብር በታሰረ ትንሽ ሣጥን ውስጥ አኖረችው። ለማዕድ ስትቀመጥ ሣጥኑን በአጠገቧ ታስቀምጥ ነበር። በባሏ ፊት ይቀርብ የነበረውን ምግብም በሣጥኑ ፊት ታስቀርብና ማዕዱ ሲነሣ ለድኾች እንዲሰጥ ታደርግ ነበር።

ይህን ታሪክ ስንሰማ የፍቅሯን ጽናት እናደንቃለን። ከዚያም የሚበልጠውን አንለፍ፤ ኀዘኗ ለድኾች እንጀራ ሆነ። በአገራችን ለሙታን በሚደረገው ተዝካር ጸሎቱ ከምጽዋት ጋር እንዲያያዝ አባቶች ያስተማሩን በዚሁ መንፈስ ነው። ተዝካሩ የድግስ ፉክክር ሲሆንና ድኻው ከደጅ ሲመለስ መንፈሱ ይጠፋል።

በ1273 ሚያዝያ ወር ዴርቮርጊላ ከደምፍሪስ ከተማ በስተደቡብ፣ የኒዝ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ገዳም መሠረተች። ገዳሙን የሰጠችው በአገራችንም ማኅበራቸው ላለው ለሲታውያን መነኮሳት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት የመጡትም በዚያው በጋሎዌይ ካለው ከዳንድሬናን ገዳም ነበር። መነኮሳቱ ገዳሙን በላቲን «ዱልቼ ኮር» ብለው ጠሩት፤ ጣፋጭ ልብ ማለት ነው። ከዚህም በቀር በዊግታውን ከተማ ለዶሚኒካውያን ወንድሞች ገዳም መሥርታለች።

ጥር 28 ቀን 1290 በእንግሊዝ አገር በኬምፕስተን ዐረፈች። ሥጋዋም ወደ ገዳሟ ተወስዶ ከባሏ ልብ ጋር ተቀበረ።

6. የተወረሰው ርስት ፍጻሜ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ይህ ሁሉ ሀብት ምን ሆነ?

ከዴርቮርጊላ ሞት በኋላ፣ በዚያው በ1290 መስከረም ወር፣ የስኮትላንድ ዙፋን ወራሽ የነበረችው ሕፃን ማርጋሬት ከኖርዌይ ስትመጣ በመንገድ ሞተች፤ ዙፋኑም ያለ ወራሽ ቀረ። ብዙ ሰዎች ይገባናል ብለው ተነሡ። ከሁሉ የበረታው ክርክር በዴርቮርጊላ ልጅ በጆን ባሊዮልና በሮበርት ብሩስ መካከል ነበር። ሁለቱም ከሀንቲንግደኑ ዳዊት ይወለዳሉ። ጆን የታላቂቱ ሴት ልጅ የልጅ ልጅ ነው፤ ብሩስ የታናሺቱ ልጅ ነው። አንዱ «የታላቂቱ ዘር ይቀድማል» ሲል ሌላው «በትውልድ ቍጥር እኔ እቀርባለሁ» አለ። ዴርቮርጊላ ጥቂት ወራት ብትቈይ ኖሮ በሁለቱም መስፈርት የሚከራከራት አይገኝም ነበር፤ የታላቂቱ ልጅ ናት፤ በቍጥርም ከብሩስ እኩል ናት። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ዳኛ ሆኖ ኅዳር 17 ቀን 1292 ለጆን ባሊዮል ተፈረደ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ነገሠ።

የእናቱ ደም ዘውድ አመጣለት፤ ነገር ግን በዘውዱ ላይ የቈየው አራት ዓመት እንኳ አይሞላም። ኤድዋርድ እንደ ሎሌ ሊያዝዘው ፈለገ፤ ስኮትላንዳውያንም እንቢ አሉ፤ በ1296 ጦርነት ተነሣ። ጆን ተሸነፈ፤ የንግሥና ምልክቱ ከልብሱ ላይ ተገፎ ወደ እስር ተወሰደ። በኋላም በስደት ኖሮ በ1314 በፈረንሳይ ሞተ። የባርናርድ ካስል ርስት ለሌላ መስፍን ተሰጠ፤ የጋሎዌይም ጌትነት ወደ ብሩስ ቤተሰብ ዞረ።

በዚያው በ1296 ኤድዋርድ የጋሎዌይን ሰዎች በባሊዮል ላይ ለማነሣሣት አንድ ሽማግሌ ከእስር አስፈታ። ይህ ሽማግሌ የዴርቮርጊላ ወንድም ቶማስ ነበር። ወጣት ሆኖ የገባ፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ሸምግሎ ወጣ። ነጻ የወጣውም ፍትሕ ስለታሰበለት አልነበረም፤ ለሌላ ሰው ጦርነት መሣሪያ ሊሆን ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የእኅቱ ልጅ ዘውዱን አጥቶ ሲታሰር እርሱ ተፈታ። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት፣ ወንድምም የታሰረበት ርስት ከዴርቮርጊላ ቤት ሊቈይ አልቻለም።

7. የተሰጠው ርስት ፍጻሜ

የሰጠችውስ? ገዳሙ ከ1273 አንሥቶ ከ280 ዓመት በላይ የጸሎት ቤት ሆኖ ኖረ። በ1560 በስኮትላንድ የካቶሊክ ሥርዐት በሕግ ከተከለከለ በኋላም የመጨረሻው አበምኔት ጊልበርት ብራውን ሃይማኖቱን አልተወም። በ1605 ተይዞ ከአገር ተሰደደ፤ በ1612 በፓሪስ ዐረፈ። የገዳሙ ሕንፃ እየፈረሰ ድንጋዩ ለሌላ ሥራ ሲወሰድ ሳለ በ1779 የአካባቢው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ፍርስራሹን ገዙት፤ እንዳይፈርስም ጠበቁት። ቀዩ የድንጋይ ግድግዳ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

የኦክስፎርዱም ቤት ከዚያ ወዲህ በብዙ ተለውጧል፤ እምነቱና ሥርዐቱም እንደ ጥንቱ አልቀረም። ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም። የምጣኔ ሀብት ሊቅ አዳም ስሚዝ ከ1740 እስከ 1746 በዚያ ተምሯል። በኋላ የዌስትሚኒስተር ሊቀ ጳጳስና ካርዲናል የሆነው ሄንሪ ማኒንግ ከዚያ ወጥቷል። ባለ ቅኔው ጄራርድ ማንሊ ሆፕኪንስም በዚያ ተማሪ ሳለ በ1866 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል፤ በኋላም ኢየሱሳዊ ካህን ሆኗል። የሚያስገርመው ነገር፣ ሴት ደንብ ያወጣችለት ይህ ቤት ሴቶችን በተማሪነት መቀበል የጀመረው በ1979 ነው፤ ከደንቡ በኋላ 697 ዓመት ማለት ነው። መልካም ስጦታ እንኳ ለሰጪዋ ወገን እስኪደርስ እንዲህ ሊዘገይ ይችላል።

እንግዲህ ዴርቮርጊላ በደም የተቀበለችው ሁሉ እርሷ በሞተች በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደ ሌሎች ሄደ። በስሟ እስከ ዛሬ የቀረው ከእጇ ያወጣችው ብቻ ነው። አበው «ለባለቤቱ» ሲሉ የተናገሩት ስለ መሬት ነው፤ እኛ ግን በእምነት ዐይን ስናየው፣ ስለ እግዚአብሔር ብለን የሰጠነው ይበልጥ የእኛ ሆኖ ይኖራል ለማለት እንችላለን።

ነገር ግን የቶማስን ነገር ረስተን በዚህ ደስ ብሎን እንዳንለያይ። ለሩቅ ተማሪ ቀለብ መቍረጥ፣ ለገዳም መሬት መስጠት መልካም ነው፤ ከሁሉ የሚከብደው በገዛ ቤታችን በር የቈለፍንበትን ወንድም ማስታወስ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ስለት ከማግባታችን በፊት፣ በውርስ ምክንያት ያልተነጋገርነው ወንድም ወይም እኅት እንዳለ እንጠይቅ። ጌታችን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሎ ያስተማረውም (ማቴ. 5፥23-24) ስለዚህ ነው። የሚታረቁት ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ነው። ዴርቮርጊላ ስትሞት ቶማስ ገና እስረኛ ነበር፤ የእኛ በር ግን ዛሬ ሊከፈት ይችላል።

ለቁምስናና ለትምህርተ ክርስቶስ ጉባኤ የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ወላጆች ሲሞቱ በልጆች መካከል የሚነሣው ጠብ ከምን ይጀምራል? ወላጆች በሕይወት ሳሉ ምን ቢያደርጉ ይቀንሳል?

2. ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በቤተሰባችን እንዴት ይታያሉ? ከወላጆች ጥፋት ልጁን ለይተን እናያለን?

3. ዴርቮርጊላ የባሏን ቀኖና የራሷ አድርጋ ፈጸመች። ስለ ሞቱ ዘመዶቻችን ከጸሎት ጋር ልንፈጽምላቸው የምንችለው የምሕረት ሥራ ምንድን ነው?

4. የ1282ቱ ደንብ ተማሪዎቹ አለቃቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ፈቀደ። በቁምስናችን ስንሰጥ የሰጠነውን ነገር ለተቀባዮቹ አምነን እንለቃለን ወይስ በእጃችን ልናስቀረው እንፈልጋለን?